ኩርባው የሚጠብቀው ሰው

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ይሰለቸኛል። "ኮምፒውተር ላይ ነው የምሠራው" ብዬ አልፈዋለሁ። እውነቱን ለመናገር የመንገድ አደጋን የሚተነትን ሶፍትዌር ፊት ተቀምጬ ነው የምውለው። የመንገዱን ስፋት፣ የቁልቁለቱን ልክ፣ የኩርባውን ጥመት፣ በቀን የሚያልፈውን የመኪና ብዛት አስገባለሁ። ትራፊክ ፖሊስ የመዘገባቸውን አደጋዎች ደግሞ ካርታው ላይ ነጥብ በነጥብ አስቀምጣለሁ። ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን መንገድ ከመሰሎቹ ጋር ያስተያይና በዚህ ቦታ በዓመት ስንት ሰው ይጎዳል ተብሎ እንደሚጠበቅ ቁጥር ይሰጠኛል። "ይጠበቃል" ነው የሚለው። መጀመሪያ ሰሞን ይህች ቃል ታስቀኝ ነበር፤ እንግዳ የሚመጣ ታስመስለዋለች።

ያን ክረምት ከየካ ሚካኤል በላይ ወደ እንጦጦ የሚወጡትን መንገዶች እያስገባሁ ነበር። ሰፈሬ ነው። ተወልጄ ያደግሁበት፣ አሁንም ከአባቴ ጋር የምኖርበት ቤት ከትልቁ ኩርባ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው ያለው። ሁሉንም ሞልቼ እንዲያሰላ ሳዘው መንገዱ አረንጓዴና ቢጫ ሆኖ ወጣ፤ ኩርባው ብቻ ቀላ። ጠጋ ብዬ አየሁት። የተመዘገበ አደጋ የለም። አንድም ነጥብ አላረፈበትም። የሚጠበቀው ቁጥር ግን አለ፤ ከግማሽ ሰው ይበልጣል፣ አንድ ሰው አይሞላም።

አጠገቤ ለሚቀመጠው ባልደረባዬ አሳየሁት።

"ታዲያ ማን ሊሆን ነው?" አለ እየሳቀ። "ሙሉ ሰው እንኳን አይደለም።"

"ዝም በል እስቲ። የእኛ ሰፈር እኮ ነው።"

"አይዞሽ፣ ዳታ የሌለበት ቦታ ሲያገኝ ያቃዠዋል።"

እኔም እንደዚያ ብዬ ላልፈው ፈልጌ ነበር። ግን አባቴ በየማለዳው ለኪዳን ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወርደው በዚያ ኩርባ ነው። ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፤ ክረምት ከሆነ ጉሙ መንገዱን ሞልቶት። የእግረኛ መሄጃ የለም። በአንድ በኩል የሰው አጥር ነው፣ በሌላው በኩል ገደል። ቁጥሩን ካየሁ ወዲህ በሩን ሲከፍት መንቃት ጀመርኩ። ዱላው ድንጋዩን ኳ፣ ኳ እያደረገ ሲርቅ አዳምጣለሁ። ኩርባው ጋ ሲደርስ ድምፁ ጥፍት ይላል። አጥሩ ስለሚከልለው ነው፤ ልጅ ሆኜም እንደዚያው ነበር። ቢሆንም አሁን እፈራለሁ።

ለአለቃዬ ኩርባው ላይ መከላከያ ብረት ይተከል ብዬ ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ፣ "ሰው ያለቀባቸው ቦታዎች ወረፋ እየጠበቁ፣ ማንም ያልተነካበት ላይ ብረት ትከሉ ብዬ ማንን ላሳምን?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ያልተመዘገበ ቦታ ወረፋ ውስጥ አይገባም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሜትር ይዤ ኩርባው ጋ ወረድኩ። ዕድሜ ልኬን ያለፍኩበት ቦታ ነው፤ ቆሜ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ጠርዙ ላይ ሱቅ ያላቸው ሴትዮ አጥር የተሠራው በሦስት ዓይነት ቆርቆሮ ነው። አንዱ ዝጎ ሊረግፍ ደርሷል፣ አንዱ ገና መዛግ ጀምሯል፣ አንዱ ያብረቀርቃል። ከሥሩ የተሰባበረ መስታወት በመጥረጊያ ተሰብስቦ ተከምሯል። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ግቢው ውስጥ ግድግዳ የተደገፉ አዳዲስ ቆርቆሮዎች አየሁ። ምስማሩም አጠገባቸው በጣሳ ተቀምጧል።

"እትዬ፣ ይህ ቆርቆሮ ምን ሊሠሩበት ነው?"

"ለአጥሩ ነዋ።"

"አጥሩ ደህና አይደል እንዴ?"

"አሁንማ ደህና ነው" አሉኝ። ቀና ብለው ወደ ላይ፣ መኪና ወደሚመጣበት አዩ። "ለሚቀጥለው ነው።"

ስንት ጊዜ እንደተመታ ስጠይቃቸው ሚዛናቸውን መጥረግ ጀመሩ። "እኔን ምን ታስለፈልፊኛለሽ? አባትሽን ጠይቂያቸው። ሁሉንም የጨረሱት እሳቸው አይደሉ?"

አባቴ የሰፈሩ ሽማግሌ ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወሰን ሲገፋ እሱ ይጠራል። መኪና ሰው ሲገጭም እንደሚጠራ አላውቅም ነበር። ምሳ ስናነሳ ጠየቅሁት፤ ሳያንገራግር ነገረኝ። እጁ የተሰበረው ሸማኔ፣ ጎመን የምትሸጠው ሴት፣ ዳሌዋን የተመታችው ተማሪ። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። ሸማኔውን ብርቱካን ይዤ ጠይቄዋለሁ፤ ያኔ ከመሰላል ወድቆ ነው ነበር የተባልኩት።

"ለምን ፖሊስ አልተጠራም?"

"ፖሊስ ከገባ ሾፌሩ ይታሰራል፣ መንጃ ፈቃዱ ይነጠቃል። ቤተሰቡ ምን ይበላል? የተጎዳውም ሲመላለስ ይከርማል። እኛ አሳክመን፣ አስክሰን፣ አስታርቀን አንድ እድር ላይ አብረን እንቀመጣለን።"

"ኩርባውንስ ማን አስታረቀው፣ አባዬ?"

ሳህኑን ገፋ አደረገ። ቁጥሩን ነገርኩት፤ በላይኛው መንገድ ዞሮ እንዲሄድ ለመንኩት። "ኮምፒውተርሽ ጠንቋይ ሆነ እንዴ?" ብሎ ጋቢውን አስተካከለና ወጣ።

ሰኞ ቢሮ እንደገባሁ እሱ የነገረኝን ሰዎች ለሙከራ አንድ በአንድ ካርታው ላይ አስቀመጥኳቸው። ሸማኔው፣ ጎመን ሻጯ፣ ተማሪዋ። ሁሉም ቀዩ ውስጥ አረፉ። ለሶፍትዌሩ ስለእነሱ ማንም አልነገረውም ነበር፤ የሚያውቀው ቁልቁለቱንና ኩርባውን ብቻ ነው። መዝግቤ ላቆያቸው ስል የፖሊስ መዝገብ ቁጥር ጠየቀኝ። የለኝም። ገጹን ስዘጋው ሁሉም ጠፉ፤ ኩርባው እንደገና ማንም ያልተነካበት ሆነ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል በአንድ ጉማም ማለዳ አባቴ ወጣ። ዱላውን እያዳመጥኩ ነበር። ኩርባው ጋ ድምፁ ጠፋ፤ ተከትሎ የጎማ ጩኸት መጣ፤ ከዚያ ቆርቆሮው።

ስደርስ አጥሩ ሥር ተቀምጧል፤ እግሩ ያለቦታው ታጥፏል። ባሕር ዛፍ የጫነ መኪና አጥሩን ጥሶ ቆሟል። ሾፌሩ የሰፈራችን ሰው ነው፤ አባቴ ነው ሽምግልና ሄዶ ያጋባው። "ፍሬኑ እምቢ አለኝ፣ አባባ" ይላል ደጋግሞ። ጎረቤት በመኪናው ሐኪም ቤት አደረሰን። አባቴ እግሩ በጀሶ ታስሮ፣ መትረፉን ሐኪሙ ካረጋገጠልኝ በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ ልብስ ልወስድለት ወደ ቤት ስመለስ ኩርባው ጋ ቆምኩ። መኪናው የለም። መስታወቱ ተጠርጎ ተከምሯል። አጥሩ ላይ አዲስ ቆርቆሮ ተመቷል። ምንም ያልተፈጠረ ይመስላል። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

አባቴ ቤት በገባ በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሾፌሩ ድንጋይ ተሸክሞ በራፉ ላይ አጎንብሶ ቆመ። እኔ ጓዳ በር ላይ ሆኜ በንዴት አየዋለሁ። አባቴ የሚለውን የማውቅ መስሎኝ ነበር። ይቅር ይላል፤ ሌሎቹን ይቅር አስብሎ የራሱን ሊከስ አይችልም። ይቅር ካለ ኩርባው ንጹሕ ሆኖ ይቀጥላል፣ ብረቱ አይመጣም፣ እሱም እግሩ ሲድን ተመልሶ በዚያው ይወርዳል።

"ድንጋዩን አውርድ" አለው። "ይቅር ብዬሃለሁ።"

ሽማግሌዎቹ ተነሥተው አመሰገኑ። አንደኛው፣ "እንግዲህ ካሳውን ይናገሩ" አሉ።

"ብር አልፈልግም። ካሳዬ፣ አብረኸኝ ትራፊክ ፖሊስ ሄደህ የመታኸኝን ቦታ እንድትናገር ነው።"

"ታዲያ ዕርቁ ምኑ ላይ ነው?" አሉ እኚያው ሽማግሌ።

"ዕርቁ ዕርቅ ነው። ከሳሹ አይደለሁም። ሲጠይቁኝም እነዚያን ሁሉ አፍኜ ያቆየሁት እኔ ነኝ እላለሁ። ቦታው ግን ይጻፍ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ልጄ እንቅልፍ አጥታለች።"

ሾፌሩ አንገቱን እንደደፋ፣ "እሺ አባባ፣ እሄዳለሁ" አለ። ሄዱም፤ አንዱ በክራንች፣ አንዱ ደግፎት። መንጃ ፈቃዱ ለጊዜው ተያዘበት፤ እስኪመለስለት እድሩ ቤቱን ደገፈ። የድሮዎቹ ግን ጊዜያቸው አልፏል ተብለው አልተመዘገቡም።

የአባቴን ነጥብ ያስቀመጥኩት ራሴ ነኝ። እንዲያሰላ ሳዘው ቁጥሩ ከፍ አለና ከአንድ ሰው በለጠ። ባልደረባዬ አይቶ አልሳቀም።

አለቃዬ በዚህ ጊዜ ተከራክራ ኩርባውን ወረፋ ውስጥ አስገባችው። መከላከያ ብረቱ ተተከለ፣ ከላይ የፍጥነት መቀነሻ ተሠራ፣ በአጥሩ በኩል ጠባብ የእግረኛ መሄጃ ወጣ። እንደገና አሰላሁት። ቁጥሩ በጣም ወርዷል። ቀዩም ለቋል። ዜሮ ግን አይልም። በሴትዮዋም ግቢ ቆርቆሮዎቹ እንደተደገፉ ናቸው፤ እንዲያነሷቸው አልጠየቅኋቸውም።

አባቴ እያነከሰ ወደ ኪዳኑ ተመልሷል። በሩን ሲከፍት እነቃለሁ። ዱላው ይርቃል፣ ኩርባው ጋ ድምፁ ይጠፋል። ሲያልፈው ብረቱን በዱላው አንዴ ይመታልኛል። ያ ድምፅ እስኪመጣ አልተነፍስም። ከዚያ ዞር ብዬ እተኛለሁ። ኩርባው አሁንም ሰው ይጠብቃል፤ ዛሬ ግን አባቴን አይደለም።