የአባቴ ቃልና የወረቀት ብር

ባለፈው ወር የጠበበኝን ቀለበት ላሰፋ ነገሌ ገበያ ዳር ካለ ብር ሠሪ ዘንድ ገብቼ፣ ሰውየው ሊያቀልጣት ያዘጋጃትን አንዲት የድሮ ማርትሬዛ ብር መዳፌ ላይ ሲያኖራት፣ ክብደቷና ቅዝቃዜዋ ሳላስበው ወደ አባቴ ወሰደኝ።

አባቴ የነገሌ ከንቲባ ነበር። ጣልያን ከወጣ በኋላ ገበያችን የገንዘብ ዓይነት የሚተራመስበት ነበር፤ ሊሬው ገና ከየሳጥኑ አልወጣም፣ ከኬንያ በኩል የሚመጣው ነጋዴ ሽልንግ ይዞ ይመጣል፣ ቦረናው ከብት አርቢ ግን የሚያምነው ማርትሬዛን ብቻ ነው፤ ያውም ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፅዋን ካዳመጠ በኋላ። እኛ ልጆችም በከብቱ አቧራና በቅቤው ሽታ መሀል ቆመን፣ በድምፅዋ ብቻ ሐሰተኛዋን ለየን እያልን እንፎካከር ነበር፤ አንድም ቀን ልክ ሆነን አናውቅም።

ማርትሬዛው ተሰብስቦ በወረቀት ብር ይተካ የሚል ትእዛዝ ሲመጣ፣ ሕዝቡን ማሳመን የአባቴ ሥራ ሆነ። መጀመሪያ ያነጋገረው ወዳጁን አባ ቦሩን ነው። አባ ቦሩ ከአሬሮ ከብት እየነዱ የሚመጡ፣ ሲመጡም እኛ ቤት የሚያርፉ ሽማግሌ ነበሩ፤ አማርኛቸው አንቱታ ስለማያውቅ አባቴን ቢሮው ድረስ ገብተው በኦሮምኛ ሰላምታ «አካም፣ አንተ ከንቲባ!» ሲሉት ጸሐፊዎቹ የሚገቡበት ይጠፋቸዋል። ወረቀቱን አገላብጠው አዩት።

«ይሄ ድምፅ የለውም» አሉ።

«የመንግሥት ገንዘብ ነው፣ አይጠፋብዎትም» አላቸው አባቴ።

«እንግዲያው እኔ የወሰድኩት ያንተን ቃል ነው።»

እሳቸው ማርትሬዛቸውን ሲለውጡ አይቶ ሌላውም አምጥቶ ለወጠ።

በተከታዩ ዓመት ዝናብ ጠፍቶ ከብቱ አለቀ። አባ ቦሩ ጊደር ገዝተው መንጋቸውን እንደገና ሊጀምሩ አስበው ጎጇቸው ውስጥ የቀበሩትን ገንዘብ ሲያወጡ፣ ምስጥ በልቶት ጠበቃቸው። ብሩን ዕድሜ ልካቸውን ሲቀብሩት ኖረው ወረቀቱንም ቀበሩት፤ አይቅበሩት ያላቸው ሰው አልነበረም። የቀረውን ብናኝ በጨርቅ ቋጥረው አባቴ ጠረጴዛ ላይ አኖሩና ወጡ።

አባቴ ገንዘባቸው ይተካላቸው ብሎ የበላዮቹን ለመነ፤ እምቢ አሉት። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ስለ ወረቀቱ ብር የመጣውን አዋጅ በአማርኛ ካነበበ በኋላ፣ ከራሱ በኦሮምኛ ጨመረበት፦ «ወረቀቱን አትቅበሩት፣ ምስጥ ይበላዋል። አባ ቦሩን አይጠፋብዎትም ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ ጠፋባቸው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ወረቀት አልቀበልም የሚለው ሰው በዛ፤ አባቴም ሕዝቡን በመንግሥት ገንዘብ ላይ አሳድሟል ተብሎ ወሩ ሳይሞላ ከሹመቱ ተነሣ።

በማግስቱ የምናልባቸውን ላሞቻችንን ለአባ ቦሩ ሊሰጥ ወደ አሬሮ ነዳቸው። ሲመለስ ላሞቹ አብረውት ነበሩ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ «አልቀበልም አሉህ?» አለችው።

«ዐርፈዋል» አላት፤ አጥሩን ይዞ ቆሞ አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ወደ ክብረ መንግሥት ሄደን ጨውና ስኳር እየቸረቸርን ኖርን። ስለ ከንቲባነቱ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም፤ እዚያው አርጅቶ እዚያው ቀበርነው። አሁን ነገሌ ተመልሼ የአሬሮ ሰው ባገኘሁ ቁጥር የአባ ቦሩን መቃብር እጠይቃለሁ፤ የሚያውቅ አላገኘሁም። ሁለቱ የነገሌ ቤታችንን ግድግዳ ተደግፈው፣ አንዱ አማርኛ እየሰበረ ሌላው ኦሮምኛ እየሰበረ፣ የጧት ፀሐይ ሲሞቁ ያየ ሰው ከእኔ በቀር አልቀረም።