በይበልጣል ያላከክሁት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርሁም። «ስልክ ማበላሸት ምኑ ኃጢአት ነው?» እያልሁ ራሴን ስሸነግል ኖርሁ። የእኔ ኃጢአት ግን ስልኩ ላይ አላበቃም። እናንተ ስሙኝ።

ያኛው መንግሥት ሳይለወጥ፣ የቻይና ስልክ ገጠሩን ባጥለቀለቀበት ጊዜ፣ ቡሬ ላይ ስልክ እጠግን ነበር። አንድ የገበያ ቀን መሪጌታ አያሌው ከማንኩሳ መጡ፤ ስልካቸው ሲበራ አርማው ላይ ቆሞ አልሄድ ብሏል። ልጃቸው ይበልጣልም አብሯቸው ነበር። ስልኩ ውስጥ የድጓ መምህራቸው ዜማ አለ፤ መምህሩ ሳያርፉ ይበልጣል ግሽ ዓባይ ድረስ ሄዶ የቀዳላቸው ነው።

«ልጄ፣ እሱን ብቻ አትርፍልኝ፤ ስልኩስ ይቅር» አሉኝ።

ሥራው ሕግ አለው። አዲስ ሶፍትዌር ከመጫንህ በፊት ያለውን ገልብጠህ ታስቀምጣለህ፤ የምትጭነውም የዚያው ስልክ መሆኑን ታረጋግጣለህ። የቻይና ስልክ መልኩ አንድ ሆኖ ሆዱ ይለያያልና። ይህን አውቅ ነበር፤ ለሌላው የማስተምር እኔ ነበርሁ! ግን ወረፋው በዛ፣ እኔም ጉረኛ ነበርሁ፤ መልኩን ብቻ አይቼ የሌላ ስልክ ፋይል ጫንሁበት። ስልኩ ሲበራ ቀድሞ ተነሥቶ ሌላውን የሚያስነሣው፣ ቡትሎደር የምንለው ፕሮግራም ተደመሰሰ። ዜማውም አብሮ ተጠረገ። ኮምፒውተሩ ላይ ደጋግሜ ሰካሁት፤ በድን ነው።

መብራት ሄደብኝ ብል እንኳ ይታመን ነበር። ምን ሰይጣን አናገረኝ?

«መሪጌታ፣ ስልክዎ ሲመጣም አልቆለት ነበር። ልጅዎ ዘፈን ሲያስጭንበት ቫይረስ ገብቶበታል» አልሁ።

የይበልጣል ፊት ልውጥ አለ። ለካስ እውነትም ዘፈን አስጭኖ ኖሯል፤ አልተከራከረም። መሪጌታም አልተቆጡም። «መምህሬን ሁለተኛ ገደልኸው» አሉትና ቀድመውት ወጡ።

ከዚያ ወዲያ አባትና ልጅ ባንድ ገበታ አይቀርቡም ሲባል ሰማሁ። ሰምቼ ዝም አልሁ። ስንት ገበያ በሱቄ ደጅ አለፉ? መጥራት አቅቶኝ ነው? አልፈለግሁም እንጂ!

መሪጌታ ካረፉ በኋላ፣ አርባቸው እንደ ወጣ ይበልጣል ሱቄ መጣ። ቁጭ በል ብለው እምቢ አለኝ።

«ጋሼ፣ እውነት እኔ ነኝ ያጠፋሁት? አባባ ሳይፈቱኝ ሞቱ።»

ያን ጊዜ እንኳ መናገር እችል ነበር። የምፈራው ሰው አልነበረም። እኔ ክፉው ግን «አዎ፣ ባለማወቅ ነው፤ አይዞህ» አልሁት። እጄን ስሞ አመሰገነኝ።

ማሩኝ አልላችሁም። ይቅር ሊለኝ የሚገባው ይበልጣል ነው። እሱ ግን ዛሬም ማንኩሳ፣ አባቱ መቃብር ላይ ቆሞ «ይቅር በሉኝ» ይላል።