ያልሰጠሁት የመልቀቂያ ደብዳቤ

የጥንት ቻይናውያን ሊቃውንት ስለ ውሃ ብዙ ብለዋል፤ የእኛን አገር ወንዝ በሰኔ መጨረሻ ግን አንዳቸውም አልተሻገሩም።

ሃምሳዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ነው። አዘና ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ዳንግላ ከተማ፣ በአውራጃው ጽሕፈት ቤት፣ የጸሐፊነት ቦታ ተገኘልኝ ተባለና ዘመድ ሁሉ «ተመስገን፣ ከጠመኔ አቧራ ወጣ!» አለ። በአገሩ ልማድ ደህና ሥራ የጠራው ሰው የኋላውን ቶሎ ይሰናበታል፤ እያመነታ የሚሄድ እንደ ፈሪ ይታያል።

አጎቴ ሊሸኙኝ ፈረሳቸውን እየጫኑ «መልቀቂያህን ለዲሬክተሩ ሰጠህ?» አሉኝ።

«ሰጠሁ።»

ዋሸሁ። ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነበር። ያን ሰሞን አንድ ያረጀ መጽሐፍ ላይ የእነዚያን ሊቃውንት ሐሳብ አንብቤአለሁ፤ ያልተጠረበ እንጨት ገና ሁሉንም ነገር መሆን ይችላል ይላሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ስንፍናዬን የሚያስከብርልኝ ፍልስፍና ስፈልግ ኖሬ ማግኘቴ ነበር።

ወንዙ ሞልቶ ጠበቀን። አጎቴ ልጓሙን ለቀቁለት። ፈረሱ ውሃውን አሸተተና ቆመ።

«ይምቱት እንጂ፣ አጎቴ! ረፈደ እኮ!»

«ያንተን ምታና ግባ። እኔ ሬሳህን ታች ወርጄ እጠብቃለሁ።»

ተቀምጠን ቆሎ ቆረጠምን። ከቀትር በኋላ ውሃው ሲጎድል ፈረሱ ሳይመታ ገባ። የመኪናው መንገድ ያለበት ቆሰበር ስንደርስ ዳንግላ የሚያደርሰን የጭነት መኪና ሄዷል፤ ፈረሶቹን ዘመድ ቤት ትተን ዳንግላ የገባነው በማግስቱ ነው።

ሹሙ ቀና ብሎም አላየን። «ቦታው ባለፈው ሳምንት ተይዟል» አለ። ስለዚህ ወንዙን መውቀስም ሆነ ማመስገን አይቻልም።

አጎቴ ደጅ ስንወጣ ፊታቸው አመድ መስሏል። «ልጄን በላሁት! ልቀቅ ልቀቅ ያልኩህ እኔ ነኝ። አሁን ምን ልትሆን ነው?»

ሳቄ መጣ። ከሰኔ መግቢያ ጀምሮ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ወረደልኝ።

«ያምሃል?»

«አጎቴ፣ ደብዳቤውን አልሰጠሁም። መስከረም ላይ እዚያው አስተምራለሁ።»

«ዋሽተኸኝ ነው?»

«አዎ።»

«ተመስገን!» አሉና ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ጥቂት ከሄድን በኋላ ኮስተር ብለው ዞሩ። «ለእናትህ ግን ‹አትስጥ ያለኝ አጎቴ ነው› በላት።»