አውራ ጣት የሌለው ጓንት

የካቲት 19 ቀን እትዬ ቢንቢ ጠረጴዛዋ ላይ ትታው የሄደችው የልጅ ጓንት አውራ ጣት የለውም። አራቱ ጣቶች አልቀዋል፤ ለአምስተኛው ቀዳዳ ተትቶ ክሩ ከነኪሮሹ ተንጠልጥሏል። በማግስቱ ጠዋት ከእንቅልፏ አልነቃችም።

ዕድሜዋን ከልጆች ክንድ ደም ስትቀዳ የኖረች ሴት ናት፤ ቢንቢ ያሏትም ልጆቹ ናቸው። የምትሠራው ሲክል ሴል ያለባቸው ልጆች በሚታከሙበት፣ አንድ መድኃኒትም በሚጠናበት ክሊኒክ ነበር። በዚህ በሽታ ቀይ የደም ሴሎች እንደ ማጭድ እየተቆለመሙ ደም ሥር ይዘጋሉ፤ ብርድ ከተጨመረበት ሕመሙ አጥንት ይሰብራል። እሷ ታዲያ እጁ የቀዘቀዘ ልጅ አትወጋም። መጀመሪያ ራሷ የሠራችውን የሱፍ ጓንት ታጠልቅለታለች። «ደም ሥር ሌባ ነው፤ ሲበርደው ይደበቃል» ትላለች።

ከልጆቹ ሁሉ የምትፈራው የስምንት ዓመቷን «ዳኛ» ነው። ዳኛዋ ለእያንዳንዱ መርፌ ነጥብ ትሰጣለች።

ጥር ላይ የዳኛዋ ደም ከፋ። ሲሻሻል የከረመው ውጤት ወደ ኋላ ተመለሰ። የጥናቱ ሐኪም «መድኃኒቱ ካልሠራላት ከጥናቱ መውጣቷ ነው» አለች። ቢንቢ ግን እናትና ልጅን ወደ ክፍሏ ወስዳ ጓንቷን አወጣች።

«ክብርት ዳኛ፣ መድኃኒትሽን ትውጫለሽ?»

«ተራዬ ሲደርስ።»

«የምን ተራ?»

«አንድ ቀን እኔ፣ አንድ ቀን ማሙሽ። እሱንም እኮ ያመዋል።»

እናትየው አቀረቀረች። «እትዬ፣ ለአንዷ ሰጥቼ አንዱ ሲያለቅስ ልየው? ሁለቱም የአንድ ሆድ ልጆች ናቸው።»

«አንቺ ሴት፣ ዳቦ መሰለሽ የምታካፍይው? የእሷን አጎደልሽባት፤ እሱን ደግሞ ደሙ ሳይታይ አስዋጥሽው!»

«ብናገር ያስወጧታል ብዬ ነው።»

«ዝም ስትይ ነው የምትወጣው። ነገ ማሙሽን ይዘሽው ነይ።»

መርፌው ሲወጣ ዳኛዋ ፈረደች። «ከአሥር ስድስት።»

«ምነው?»

«ወሬ አበዙ።»

ሐኪሟ ነገሩን ስትሰማ በረጅሙ ተነፈሰች። «መድኃኒቱ አልከዳንም ማለት ነዋ!» አለች። ዳኛዋ ጥናቱ ውስጥ ቆየች፤ ዛሬ ደሟ ተስተካክሎ እንደ ልቧ ትሮጣለች። ማሙሽ ለጥናቱ ዕድሜው ባይደርስም ለሕክምናው ደርሷል። ደሙ ተመረመረ፤ በልኩ መድኃኒት ታዘዘለት። ቢንቢ በዚያው ቀን መዳፉን በክር ለካችና ጓንት ጀመረችለት።

የማሙሽ መድኃኒት ፋርማሲ የገባው የካቲት 19 ከሰዓት በኋላ ነው። እናትየው ከምትሠራበት የስፌት ፋብሪካ መጥታ መውሰድ አልቻለችም። ባልደረቦቿ «ለነገ ይደር» ቢሏት ቢንቢ አልሰማችም። «ለነገ ካደረ ዛሬ ማታ ተራ ይጀመራል» አለችና ኪሮሹን አስቀምጣ ተነሣች።

ፋብሪካው በር ላይ እናትየው በአንገቷ ላይ የልክ ሜትር እንደተንጠለጠለ ወጣች። ቢንቢ የመድኃኒቱን ጠርሙስ ያዝ አድርጋ ጠየቀቻት።

«ይሄ የማን ነው?»

«የማሙሽ።»

«ቤት ያለውስ?»

«የእሷ ብቻ።»

«ተራ አለ?»

«ተራ የለም፣ እትዬ።»

ቢንቢ ያኔ ጠርሙሱን ለቀቀችላት።