እንደ በቅሎ የተመረጠችው ቀይ መኪና

ወለተሐና ገብረ ሕይወት ሃያ ስድስት ዓመት ሲሞላት ደብረ ብርሃን ላይ ሁለት ወሬ ተወራባት። አንደኛው ባል አልፈልግም ብላለች የሚል ነው፤ ይሄ ውሸት ነው፣ የጠየቃት አልነበረም። ሁለተኛው መኪና ልትገዛ ነው የሚል ነው፤ ይሄኛው እውነት ስለነበረ ማንም አላመነውም።

ሥራዋ ከብት መከተብ ነበር። የክትባት ቡድኑ ሾፌር ወገቡን ሲታመም መሪውን ተረክባ እነዋሪ ድረስ ነዳች። ሾፌሩ ሲድን መሪውን የሚመልስለት አጣ። ከዚያ ወዲህ አንኮበር ያሉ ወላጆቿን ለመጠየቅ በጭነት መኪና፣ የገብስ ጆንያ ላይ ተፈናጥጣ መሄድ አስጠላት።

በዚህ መሀል ዕቁብ ወጣላት። አባቷ መሪጌታ ገብረ ሕይወት ገንዘቡ ከአክስቷ ከአስካለማርያም ጋር የወፍጮ ድርሻ እንዲገዛበት ቆርጠዋል። «ወፍጮ ባለበት ቆሞ ገንዘብ ያመጣልሻል፤ መኪና ግን እየሮጠች ትበላብሻለች» አሉ።

በከተማው ለሽያጭ የቀረቡት መኪኖች ሁለት ናቸው። አንዷ የአንድ ጡረተኛ አስተማሪ ግራጫ መኪና ናት፤ ጤነኛ፣ ርካሽ፣ ገና ሲያዩዋት እንቅልፍ የምታመጣ። ሌላዋ የጓድ ወልደ ሰንበት ናት። ወልደ ሰንበት የአንድ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥ ሲሆን ወደ አዲስ አበባ ተዛውሮ የፊታችን ሰኞ ይሄዳል። መኪናዋ ቀይ፣ አጭር፣ የኋላ በሯ እንደ ሣጥን ክዳን ወደ ላይ የሚነሣ፣ ከግንባሯ እስከ ጭራዋ ሁለት ጥቁር መስመር የተሰመረባት ነበረች። ማርኳን አልናገርም፤ ዘመዶቿ ዛሬም መንገድ ላይ ስላሉ ይቀየሙኛል። ቆማ እንኳ የምትሮጥ ትመስል ነበር። ወለተሐና ልቧ እዚህች ላይ ቀረ። ዋጋዋ ግን ከዕቁቡ በሩብ ይበልጣል።

«እህቴ፣ ይቺ እኮ አውሮፕላን ናት፤ ክንፏን ነው የነቀሉላት! አልቀንስም» አላት ወልደ ሰንበት።

እሷ ግን አንድ ነገር አስተውላለች። ቀይዋ መኪና ሜዳ ላይ ቆማ አታውቅም። ቢሮ በር ላይ፣ ሻይ ቤት በር ላይ፣ ቤቱ ደጅ፣ የትም ስትቆም አፍንጫዋ ቁልቁል ወደ በሬሳ ወንዝ ነው። ከብት ስትከትብ የኖረች ሰው በሽተኛን ከአቋቋሙ ትለያለች፤ የመኪናዋ ማስነሻ ሞቷል፣ ቁልቁል ካልተንደረደረች አትነሣም። ይህን ራሷ ብትናገር «ሴት ልጅ ስለ ሞተር ምን ታውቃለች?» ተብሎ ይሳቅባታል፤ ከዋጋውም ሳንቲም አይወርድም። ስለዚህ የማይሳቅባቸውን ሰው አስጠራች፤ አባቷን።

መሪጌታ በዕድሜያቸው ሰባት በቅሎ ገዝተዋል። ሰባቱንም አሊዩ አምባ ገበያ ላይ ያዋዋላቸው ደላላው ጋሽ ዓወል ነው። ስለዚህ ዓወልን አስከትለው መጡ። አደጋ እንዳለው ወለተሐና ታውቃለች። በእነሱ ደንብ የተደበቀ ዓመል ከተገኘ ገበያው ይፈርሳል፤ ገበያው ከፈረሰ ደግሞ ገንዘቡ ወፍጮ ይሆናል። አባቷ መኪናዋን ሳያዩ በዚህ አስምለዋታል።

«አፏን ክፈታት» አለ ጋሽ ዓወል፣ የወልደ ሰንበት ደጅ ደርሰው መኪናዋ ፊት ሲቆሙ።

ወልደ ሰንበት የሞተሩን ክዳን አነሣ። ሁለቱ ሽማግሌዎች አንገታቸውን አስግገው ብዙ ቆዩ።

«ምን አየህ ዓወል?»

«ወላሂ መሪጌታ፣ አንጀት ብቻ ነው የሚታየኝ።»

ጎማዋን እንደ ሰኮና በዱላ እያንኳኩ አዩ። ዓወል በኋላዋ በኩል ሲያልፍ ራቅ ብሎ ዞረ፤ ለምን ቢሉት «ልማድ ነው» አለ። ከዚያ መሪጌታ ጥቁር ጃንጥላቸውን አወጡና ድንገት ፊቷ ላይ ቧ አድርገው ከፈቱት። የካህን በቅሎ ጃንጥላ የምትፈራ ከሆነች ለጥምቀት ቀን ጉድ ታፈላለቻ!

«አልደነበረችም» አሉ ረክተው።

ያን ጊዜ መንገዱ በሰው ተሞልቷል። የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ኪዳነ ማርያም ጠመንጃውን አንግቶ ደረሰ።

«ይሄ ስብሰባ ፈቃድ አለው?»

«ስብሰባ አይደለም ልጄ፤ በቅሎ እየመረጥን ነው» አሉ መሪጌታ።

ኪዳነ ማርያም መኪናዋን አየ፤ ጃንጥላውንም አየ። «ታዲያ በቅሎዋ የታለች፣ ጓድ መሪጌታ?»

መሪጌታ ወደ ወልደ ሰንበት ዞሩ። «መልካም ናት። አሁን ትደር።»

«ማን ትደር?»

«እሷ። በቅሎ የምትታየው ማለዳ ከተኛችበት ስትነሣ ነው። ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ትደር። ቁልቁል የታሰረች በቅሎ አነሣሷ አይታይም።»

የወልደ ሰንበት ፊት አመድ መሰለ። «ሜዳው ላይ ጅብ አለ እኮ መሪጌታ!»

«ጥርሱን ካመነ ይሞክራት» አለ ዓወል።

ሕዝቡ ሳቀ፤ ወልደ ሰንበትም እምቢ ማለት አቃተው። ቁልቁለቱን አንደርድሮ አስነሣትና ወስዶ ሜዳው ላይ አቆማት። ማታ ሹልክ ብሎ ወደ ቁልቁለቱ ሊመልሳት አስቦ ይሆናል። ግን ሰዓት እላፊ አለ፤ ሜዳው ላይም ኪዳነ ማርያም ጠመንጃውን ታቅፎ፣ ማንም ሳያዝዘው፣ ዘብ ቆሟል።

የኅዳር ማለዳ ነበር። ሳሩ በውርጭ ነጭ ሆኗል። ወልደ ሰንበት ካፖርቱን ደርቦ ገባና ቁልፉን አዞረ። ቅጭ አለች። ደግሞ አዞረ። ቅጭ።

«ብርድ ይዟት ነው» አለ።

«እኔንም ይዞኛል፤ ግን ተነሥቻለሁ» አሉ መሪጌታ።

ዓወል ጆሮውን ክዳኑ ላይ ለጠፈ። «መሪጌታ፣ የእናንተን ጾም ይዛ ይሆን እንዴ?»

ከዚህ በኋላ የቀረው መሐላው ነው፤ ሻጭ ዓመሏን ምሎ ይናገራል። ወልደ ሰንበት በእግዚአብሔር እንዳይምል ኪዳነ ማርያም እየሰማ ነው፤ በአብዮቱ እንዳይምል መሪጌታ አይቀበሉትም። በመጨረሻ «እናቴን!» አለና ተናዘዘ።

«ማስነሻዋ አይሠራም።»

«ሌላ?»

«የቀኝ በሯ ጉድጓድ ሲያገኝ ራሱን ይከፍታል።»

«ሌላስ?»

«ዝናብ ሲሆን ከውጭ ይልቅ ውስጥ ይዘንባል። ኧረ በቃኝ መሪጌታ፣ ንስሐ አደረጉት እኮ!»

መሪጌታ ዱላቸውን መሬት ላይ መቱ። «ፈረሰ! ነይ ልጄ፣ አክስትሽ ትጠብቅሻለች።»

ወለተሐና ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። «ጋሽ ዓወል፣ ገበያው የሚፈርሰው ሻጭ ደብቆ ሲሸጥ ነው ወይስ ሳይሸጥ ሲናገር?»

ዓወል ጺሙን ያዘ። ዓይኑን ወደ መሪጌታ፣ ከዚያ ወደ ልጂቱ አዞረ። «ደብቆ ገንዘቡን ከበላ ነው እንጂ! ገንዘብ ሳይቀበል በአፉ ከተናገረማ አይፈርስም፤ ዋጋው ነው የሚወርደው። አምስተኛዋን በቅሎ ረሷት እንዴ መሪጌታ? ባለቤቷ ትናከሳለች ብሎ ነግሮን በግማሽ ዋጋ አልገዛናትም?»

«እስክትሞት ድረስ ነከሰችኝ እኮ!»

«በርካሽ ነው የነከሰችዎ!»

ደንቡ የመሪጌታ የራሳቸው ነው፤ ሕዝብ ፊት በራሳቸው ደንብ ተያዙ። ዓወል ወልደ ሰንበትን ክንዱን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደው፤ ለእያንዳንዱ ዓመል ከዋጋው ቆረጠ። ወልደ ሰንበት ሰኞ ሂያጅ ነው፤ ኑዛዜውን ደግሞ ግማሽ ከተማ ሰምቷል፤ ሌላ ገዢ ከየት ያመጣል? ዋጋው ወርዶ ወርዶ ከዕቁቡ በታች ሆነ። ማስነሻውን ማሠሪያ እንኳ ተረፋት።

መሪጌታ ልጃቸውን ዓይን ዓይኗን አዩ። «አንቺ፣ ታውቂ ነበር?»

«ምኑን አባባ?»

«እኔን ያስጠራሽኝ ለዚህ ነው?»

«ታዲያ ከእርስዎ በላይ ዓመል የሚያውቅ ማን አለ?»

ፈገግታቸውን ለመዋጥ ሳል ሳሉ። ገንዘቡም የዚያኑ ቀን ተከፈለ።

በማግስቱ ሕዝቡ ገፍቶ አስነሣላትና የአንኮበርን መንገድ ያዘች። መሪጌታ ከጎኗ ተቀምጠው የቀኙን በር በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። እስከ ከተማው ጫፍ ድረስ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ዳዊት ይደግማሉ።

ዳገቱን እንደወጡ፣ ከፊታቸው አንድ ሰው በቅሎ ላይ ሆኖ ወደ አንኮበር ሲጓዝ ታየ። የጎረቤት ደብር ቄስ ብርሃነ መስቀል ናቸው። ሁለቱ ካህናት ማን ቀድሞ ደብረ ብርሃን ይገባል፣ የማን በቅሎ ትፈጥናለች በሚል ለዓመታት የሚፎካከሩ ናቸው።

መሪጌታ ዳዊቱን መሀል ላይ አቋረጡ።

«ጥሩምባ እንዳትነፊ፤ በቅሎዋ ትደነግጣለች።»

«እሺ አባባ።»

«እለፊው።»

ወለተሐና ነዳጅ ሰጠቻት። መሪጌታ ፈጠን ብለው ጥምጥማቸውን አስተካከሉ፣ መስኮቱን አወረዱ።

«ኧረ ቀስ!» አሉ። «ስታልፊው ቀስ በይ እንጂ፤ እኔ መሆኔን በደንብ ይየኝ።»