መታጠፊያው ላይ

ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ መንገዱ ሲታጠፍ ቀኝ እጄ ሳላዘው ይዘረጋል። ባለፈው ሰሞን እንጅባራ ላይ አጠገቤ የተቀመጡትን እናት ወገባቸውን ይዤ ተገኘሁ። «ምነው ልጄ፣ የምወድቅ መሰልሁሽ?» አሉኝ እየሳቁ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ሌላ ምን እላለሁ?

ይህ እጅ ሥራውን የተማረው ልጅነቴን ባሳለፍኩበት በግምጃ ቤት ከተማ፣ በአባቴ የፈረስ ጋሪ ላይ ነው። ታናሽ ወንድሜ ሲወለድ ታፍኖ ስለነበር ሰውነቱ አልታዘዝ እያለው አደገ። እግሮቹ ይገተራሉ፣ ወገቡ ይከዳዋል፤ ካስቀመጡት እንዳልሞላ ጆንያ ወደ ጎን ይዘነበላል። ለትምህርት ሲደርስ አባቴ አዝሎት፣ እኔም ተከትያቸው ትምህርት ቤት ሄድን። ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። «ቀኑን ሙሉ ደግፎ የሚይዝልን ሰው የለም። ራሱን ችሎ መቀመጥ ሲችል ያምጡት» አሉ። ወንድሜ ንግግሩ ቢጎተትም ጆሮው ደህና ነበርና ሁሉንም ሰማ። ቤት እስክንደርስ ፊቱን ከአባቴ ትከሻ ላይ አላነሳም።

እንጅባራ ያገኘናት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እጄን ወስዳ ዳሌው ላይ አስቀመጠችው። «ትከሻውን አትያዢው። ዳሌውን ብቻ ያዢለት፣ ከዚያ በላይ ያለውን እሱ ይፈልገው። ሲበረታ እጅሽን ቀስ በቀስ ታነሽለታለሽ» አለችኝ።

እቤት ስናለማምደው ይሰለቸውና ይነጫነጫል። ጋሪ ላይ ግን ይስቅ ነበር። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁለታችን ከአባቴ ጀርባ ባለው መቀመጫ ላይ እንሳፈራለን፤ እኔ በግራ፣ እሱ በቀኝ። ላብ ያረጠበው ፈረስና የከሰል ጆንያ ይሸታል። የማታ ፀሐይ በባሕር ዛፎቹ መሀል እየገባች ፊቱ ላይ ብልጭ ድርግም ትላለች። አባቴ ፈረሱን የሚያናግረው እኛ በማናውቀው በአዊኛ ብቻ ነበር፤ አማርኛ አይገባውም ይላል። ለእኛ ደግሞ መታጠፊያ ሲቃረብ «መጣች!» ይለናል። ያኔ ወንድሜ ትንፋሹን ይውጥና ሆዱን ያጠብቃል፤ በመዳፌ ይሰማኝ ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከገበያ በምንመለስበት አንድ ቀን፣ አባቴ «መጣች» ሳይል ወንድሜ ዞር ብሎ አየኝ።

«ል…ቀ…ቂኝ።»

ለቀቅሁት። ጋሪው ታጠፈ። ሰውነቱ ወደ ውጭ አዘነበለ፣ ቆየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ተመለሰ። እጄን አየር ላይ እንደዘረጋሁ ቀረሁ። አባቴ ፊቱን ሳያዞር «ተቀምጧል?» አለኝ።

«ተቀምጧል።»

ለፈረሱ በአዊኛ አንድ ነገር አለው። ምን እንዳለው ዛሬም አላውቅም። ድምፁ ግን ተሰባብሮ ነበር።

መስከረም ላይ ወንድሜ ትምህርት ገባ፤ ግድግዳ ዳር፣ ፊተኛው ወንበር ላይ። ስሙ ሲጠራ «አቤት» ለማለት ጊዜ ይወስድበታል አሉ፤ መምህሯ ግን ትጠብቀው ነበር።

በኋላ እኔ ለትምህርት ዳንግላ ሄድሁ። በቀጣዩ ክረምት መግቢያ፣ ትምህርት ሳይዘጋ፣ ወንድሜን ሳንባ ምች ያዘው። ጎህ ሲቀድ ዘመዶች የተከራየሁትን ቤት አንኳኩ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ሳያቸው ገባኝ። ተቀመጪ አሉኝ፣ ተቀመጥሁ። እነሱ አለቀሱ፣ እኔ ግድግዳውን አየሁ። ልቅሶ ቤትም እንደዚያው ነበርሁ፤ ሴቶቹ እንዳለቅስ ደረቴን እያሻሹ ጠበቁኝ። እንባዬ እስካሁን አልመጣም። ፎቶውን አያለሁ፣ ምንም አይሰማኝም።

አባቴም ጋሪውን ከተወ ቆየ። ባጃጁ ግን አሁንም ይታጠፋል፣ እጄም ይዘረጋል። መርዶውን እኔ ሰምቻለሁ፤ ለእጄ የነገረው የለም።