ቅርጫት የደፋሁባት አበባ

ከቢቸና ወደ ሞጣ ስዛወር ዕቃዬን ሁሉ አውቶቡሱ ጣራ ላይ አስጭኜ፣ ጭኔ ላይ ያስቀመጥኩት አንድ የወተት ዱቄት ጣሳ ብቻ ነበር። ውስጡ ከእናቴ አጥር ሥር የቆረጥኳት የወይን ጠጅ አበባ ቅርንጫፍ አለች። እናቴ ሞታ ቤቱ ተሸጧል፤ ገዢው ውሎ ሳያድር አጥሩን ነቅሎ ድንጋይ ቆልሎበታል። ከእናቴ እጅ የቀረችኝ ሕያው ነገር ይቺ ብቻ ነበረች። ብትደርቅብኝ ተመልሼ የምቆርጥበት ግንድ የለም።

አበባ ተክዬ አላውቅም። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል፤ እኔም ገና አዲስ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ። ተክል ምግቡን ከፀሐይ ብርሃን እንዴት እንደሚያዘጋጅ ሰሌዳ ላይ ስዬ አስረዳለሁ፤ ጓሮ ውስጥ ግን አንዲት ቅርንጫፍ እንዴት እንደምትጸድቅ አላውቅም።

አከራዬ ስተክል አይታ ወደ ኋላ አጥር በአገጯ ጠቆመችኝ። ከአጥሩ ባሻገር አንዲት ሸክላ ሠሪ አሮጊት ይኖራሉ፤ ጭቃቸውን የሚያቦኩበትን ውሃ የሚቀዱት ከእኛ ጊቢ ጉድጓድ ነው።

«ዓይኗ ጥሩ አይደለም» አለችኝ። «አምና ዱባዬን ‹እንዴት ያምራል› ባለች በሳምንቱ ከነሐረጉ ደረቀ። እኔ ነግሬሻለሁ።»

ሳቅሁባት። ከሰዓት በኋላ ግን ገበያ ወጥቼ ሰፊ ቅርጫት ገዛሁ፤ አበባዬ ላይ ደፍቼ ድንጋይ ጫንኩበት። መማሬንስ ተምሬአለሁ፤ ቢሆንም «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» ሲባል ነው ያደግሁት። ትምህርት ቤት ስሄድ እደፋባታለሁ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የአጥሩ በር ሲንቋቋ ከሰማሁ፣ የያዝኩትን ጥዬ ሮጬ እከድናታለሁ።

ቅጠሎቿ ቢጫ ሆኑ። የአሮጊቷ ዓይን በቅርጫቱ ቀዳዳ ገባ ብዬ ከላዩ አሮጌ ነጠላ ጨመርኩበት።

ብዙም ሳይቆይ ሌላ ነገር አስተዋልኩ። ከሥራ ስመለስ ድንጋዩ ካስቀመጥኩበት ፈቀቅ ብሎ፣ አፈሩም ርሶ አገኘው ጀመር። ቅጠሎቿ ደግሞ መልሰው አረንጓዴ መሆን ይዘዋል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ጭራሽ ባሰብኝ። አሮጊቷ አሳምረው ሊቀጥፉብኝ ነው አልኩ። ሰው መጠርጠር ከጀመረ ደግነትንም በክፋት ነው የሚመነዝረው። አፈሩን እየቆነጠርኩ አሸተትኩት።

«ምን እንደምትጨምርበት ማን ያውቃል?» አለች አከራዬ።

አንድ ቀን ራሴን አመመኝ ብዬ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ከትምህርት ቤት ወጣሁ። የምናገረውን መንገድ ለመንገድ ስደረድር መጥቼ ቀስ ብዬ ጊቢ ገባሁ።

ቅርጫቱ ተነሥቷል፤ አበባዬ ፀሐይ ላይ ናት። አሮጊቷ እንስራቸውን አጠገባቸው አድርገው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጀርባቸውን ለአበባዋ ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ጎትተውታል።

«ምን እያደረጉ ነው?» ብዬ ጮህኩ።

አልዞሩም። «አላየኋትም ልጄ» አሉኝ። «ማርያምን፣ አንድም ቀን አላየኋትም። ቅርጫቱን በዳሰሳ ነው የማነሣው። ፀሐይና ውሃ ካላገኘች ትሞትብሻለች ብዬ ነው። ከመምጣትሽ በፊት መልሼ እደፋዋለሁ።»

እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም፤ ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል። ቅርጫቱን አነሣሁና ለአከራዬ ሰጠኋት፤ ሽንኩርት አደረገችበት።

ክረምቱ ሲወጣ የመጀመሪያዋ አበባ ፈነዳች። ልክ እንደ እናቴ ቤት አበባ ናት። በአጥሩ ተጣርቼ አሮጊቷን አስመጣኋቸውና ክንዳቸውን ይዤ ፊቷ አቆምኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«ይዩዋት እንጂ እማማ፤ እርስዎ ያዳኗት ናት።»

«ተይኝ ልጄ» አሉ። «ነገ ብትጠወልግብሽ ማንን ትጠረጥሪያለሽ?»

ጭቃ የደረቀበት እጃቸውን ይዤ ጣታቸውን አበባዋ ላይ አሳረፍኩት። ዳር ዳሯን ቀስ ብለው ዳሰሷት።

«ቀለሟ ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ወይን ጠጅ ናት» አልኳቸው።